የሆላንዱ ዋተርቦክስ በደረቅ ቆላ፦ ለማን ይበጃል?

ዋተርቦክስ ሆላንዳዊው ፒተር ሆፍ የፈለሰፈውና ግሮአሲስ የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው፣ የዝናብ ውኃንና የሌሊት ጤዛን እያጠራቀመ በመሐሉ ለተተከለ ችግኝ ቀስ በቀስ የሚያጠጣ ክብ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ሆፍ ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት በአበባ ምርትና ንግድ የቆየ ሰው ነበር፤ ሳጥኑ እ.ኤ.አ. በ2010 ፖፑላር ሳይንስ ከተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከዓመቱ ምርጥ ፈጠራዎች አንዱ የሚል ዕውቅና ካገኘ በኋላ ስሙ በብዙ አገር ታውቋል። በውጭ የሚኖሩ የአገር ልጆች ለትውልድ ቀያቸው ዛፍ ለማስተከል ገንዘብ ሲያዋጡ፣ በቆላ ወረዳዎች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ትምህርት ቤቶችም ግቢያቸውን አረንጓዴ ለማልበስ ሲመክሩ፣ «ይህን ሳጥን ብናስመጣ ይሻላል ወይስ ገንዘቡን ለውኃ ማቆሪያ ጉድጓድ ቁፋሮ እናውለው?» የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በማስታወቂያ ፎቶግራፍ ሳይሆን በውኃ ስሌት ሊሰጥ ይገባዋል።

በደረቅ አገር ብዙ ችግኝ የሚሞተው በተከላው ሰሞን አይደለም። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ እስከ መስከረም ለምልሞ ይታያል፤ ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ ቆሞ የላይኛው አፈር መድረቅ ሲጀምር፣ ሥሩ ገና ከስንዝር ብዙም ሳያልፍ ርጥበቱ ከሥሩ ቀድሞ ወደ ታች ሲርቅ ነው። ሥሩ ርጥበቱን ከደረሰበት ችግኙ ይጸድቃል፤ ካልደረሰበት ግን በጥር ወይም በየካቲት ላይ ደርቆ ይገኛል። እኛ አገር የተተከለው ሁሉ በጥንቃቄ ተቆጥሮ ሲነገር፣ የጸደቀው ግን በዚያው ትጋት ሳይቆጠር መቅረቱ ከልብ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዋተርቦክስንም ሆነ ሌላውን የውኃ ማቆሪያ ዘዴ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ችግኙን የመጀመሪያውን በጋ የማሻገር አቅሙ ነው።

ሳጥኑ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋትና 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ 15 ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል። ክዳኑ ለጥ ያለ አይደለም፤ ከጠርዙ ወደ መሐል የሚያዘቀዝቁ ቀጫጭን ሸንተረሮች ስላሉት በላዩ ያረፈች ጠብታ ሁሉ ተንሸራታ ወደ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች ትደርሳለች፤ ቱቦዎቹም ውኃውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ እንጂ በቀላሉ ተንኖ እንዲወጣ አይፈቅዱም። ችግኙ የሚቆመው ከላይ እስከ ታች ክፍት በሆነው የሳጥኑ መሐል ነው። ከሥር ደግሞ እንደ ኩራዝ ክር ውኃ የሚስብ ፈትል አለ፤ በዚህ ፈትል በኩል በቀን 50 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ የቡና ሲኒ የማይበልጥ ውኃ፣ ወደ አፈሩ ይወርዳል። መጠኑ ትንሽ የሆነው ታስቦበት ነው። ችግኙ ጠግቦ እንዲጠጣ ሳይሆን በሥሩና በታችኛው ርጥብ አፈር መካከል ያለው መንገድ እንዳይቋረጥ፣ ሥሩም ወደ ጎን ከመንሰራፋት ይልቅ ወደ ታች እንዲወርድ ነው የተፈለገው። የሳጥኑ አካል በራሱ በችግኙ ዙሪያ ያለውን አፈር ከፀሐይና ከነፋስ ይከልላል፤ አረምም እንዳይበቅል ያደርጋል። እኔ እንደማምነው ከዚህ ዕቃ ጥቅም ከፍ ያለውን ድርሻ የሚይዘው ይህ መከለል ነው፤ ከውኃው ያላነሰ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ክዳን ከካሬ ሜትር አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ይሸፍናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሚሆን፣ ክዳኑ ከእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኘው 0.2 ሊትር ነው። ባዶው ሳጥን እስኪሞላ 75 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይፈልጋል ማለት ነው። በሌላ በኩል 15 ሊትር ውኃ በቀን 50 ሚሊ ሊትር እየወረደ 300 ቀን ይቆያል። ክረምቱ በአግባቡ በሚዘንብበት የአገራችን ቆላ 75 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ከበቂ በላይ ይገኛል፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለው ጊዜ ደግሞ 270 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በክረምቱ ማብቂያ ሞልቶ የተገኘ ሳጥን በወረቀት ላይ በጋውን ሙሉ ለሙሉ ያሻግራል። ፈትሉ በሙቀትና በአፈሩ ድርቀት ምክንያት ከታሰበው ፈጥኖ ቢያወርድ እንኳ የሚቀር የመጠባበቂያ ውኃ አለ። ይህ በእውነት የሚያስመሰግን ዲዛይን ነው፤ እንዲህ ትንሽ ክዳን ያን ያህል ጊዜ የሚበቃ ውኃ እንዲይዝ ማድረግ ቀላል አሳብ አይደለም።

ጤዛን በተመለከተ ግን ገዢው የሚጠብቀውን ነገር በልክ ቢያደርግ መልካም ነው። ጤዛ የሚፈጠረው ሌሊት ክዳኑ ከአየሩ ይልቅ ሲቀዘቅዝና በአየሩ ውስጥ በቂ ተን ሲኖር ነው። ከባሕር በሚመጣ ርጥብ አየር በሚጎበኙ በረሃዎች፣ ለምሳሌ በእስራኤል ኔጌቭ፣ በዓመት ወደ 30 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጤዛ ይመዘገባል፤ ይህ መጠን በሳጥኑ ክዳን ላይ ሲሰላ ስድስት ሊትር ገደማ ይሆናልና የማይናቅ ድጎማ ነው። ከባሕር በራቀና የበጋው አየር ደረቅ በሆነበት ቆላ ግን ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም አየሩ የሚሰጠው ተን ስለሌለው ጤዛውን ከስሌት ውጪ አድርጎ መነሳት ይሻላል። ከመጣም ትርፍ ነው።

አምራቹ በሞሮኮ በረሃማ አካባቢ በተደረገ ሙከራ በሳጥኑ ከተተከሉት ችግኞች ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት እንደጸደቁ፣ ያለ ሳጥን ከተተከሉት ደግሞ አብዛኞቹ እንደሞቱ አስታውቋል። ውጤቱን ለመጠራጠር ምክንያት የለኝም፤ ከላይ ያየነው ስሌትም ይደግፈዋል። ሆኖም ለእኛ የሚጠቅመው ንጽጽር ሳጥን ካለውና ከሌለው ችግኝ መካከል የሚደረገው አይደለም። ሰው ለሳጥን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ማወቅ ያለበት ሳጥኑ በዶማና በአካፋ ከሚሠራ የውኃ ማቆሪያ ጉድጓድ ጋር ሲተያይ የት እንደሚቆም ነው።

ሳጥኑ የሚሰበስበው በራሱ ክዳን ላይ የወረደውን ዝናብ ብቻ ነው፤ በዙሪያው ባለው መሬት ላይ ወርዶ በጎርፍ የሚያልፈውን ውኃ አይነካውም። በደረቅ አገር ደግሞ ትልቁ ሀብት እርሱ ነው። ይህን በሳይንሳዊ ልኬት ካሳዩት መካከል የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚካኤል ኤቨናሪና ባልደረቦቹ ሌስሊ ሻናንና ናፍታሊ ታድሞር ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በኔጌቭ፣ በአቭዳት ጥንታዊ ከተማ ግርጌ፣ ናባታውያን የተባሉ የጥንት የበረሃ ሕዝብ ያርሱበት የነበረውን እርሻ መልሰው ሠሩት። አካባቢው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ ከ100 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ይሁንና አፈሩ በመጀመሪያው ዝናብ ላዩ ስለሚደፈንና ቅርፊት ስለሚሠራ ውኃው ከመስረግ ይልቅ ይፈስሳል፤ ናባታውያኑም ለአንድ ሄክታር እርሻ ከ20 እስከ 30 ሄክታር የሚሆን ተዳፋት መድበው ያንን ጎርፍ በቦይ ወደ ማሳቸው ይመልሱት ነበር። በተመለሰው እርሻ ላይ ያለ መስኖ አልሞንድ የሚባለው የዛፍ ለውዝ፣ ፒስታሺዮ፣ ኮክና ሌሎች ፍራፍሬዎች በቅለዋል። በእስራኤል ደቡብ፣ በቤርሼባና በዲሞና የሚኖሩ አንባቢዎች ወደ ሚጽጴ ራሞን ሲጓዙ በአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር፣ ባዶ በሆነ ምድር መካከል፣ በዝቅተኛ የአፈር ግድብ የተከበቡ ትንንሽ የዛፍ ክምችቶችን ያያሉ፤ እነዚያም የሚኖሩት በክረምት አንዳንዴ ከሚመጣ ጎርፍ በቀር የሚያጠጣቸው ሰው ሳይኖር ነው።

ኤቨናሪና ጓደኞቹ በልኬታቸው ያገኙት ሌላው ቁም ነገር ለተራ ተካይ ይበልጥ ይጠቅማል። ተዳፋቱ ትንሽ በሆነ መጠን ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚገኘው ጎርፍ ይበልጣል፤ ውኃው ረጅም መንገድ ሲሄድ በየቦታው እየሰረገ ይቀንሳልና። ከዚህ ግኝት በመነሳት ለእያንዳንዱ ዛፍ የራሱ የሆነ ትንሽ ተፋሰስ የሚሰጥ ዘዴ አዳበሩ፤ መሬቱ በዝቅተኛ የአፈር ክትር በአልማዝ ቅርጽ ይከፋፈላል፣ በእያንዳንዱ ክፍል ዝቅተኛ ማዕዘን ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ዛፉም እዚያ ይተከላል። በአገራችን በተፋሰስ ልማት ሥራ ላይ ማይክሮ ቤዚንና ግማሽ ጨረቃ እየተባሉ በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ በሕዝብ ጉልበት የሚቆፈሩት ሥራዎች የዚሁ ዘዴ ዘመዶች ናቸው።

ስሌቱን እዚህም እንድገመው። አምስት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ክፍል 25 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል በክፍሉ ላይ 250 ሊትር ውኃ ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ ሦስት አሥረኛው ብቻ ፈስሶ ጉድጓዱ ጋ ቢደርስ 75 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በአንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አምስት ዋተርቦክስ የሚሞላ ውኃ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ውኃ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ስላልሆነ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉም ከሥሩ በታች ይሰርጋል። አፈሩ ግን ጥልቅ ከሆነ ራሱ ጎተራ ነው፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው የውኃ ማቆር መመሪያ የአፈሩ ጥልቀት ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ቢቻል 2 ሜትር እንዲሆን የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ጉድጓድ የመጀመሪያውን ዝናብ ሲቀበል ማየት ትምህርት ይሰጣል። ውኃው አረፋ እያነሳ፣ የፍየል በጠጥና ደረቅ ቅጠል እየገፋ በክትሩ ውስጠኛ ጎን ተንሸራቶ ወደ ማዕዘኑ ይሰበሰባል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሲሰርግ የገፋው ፍግና ቅጠል ከችግኙ ሥር ይቀራል። በማግሥቱ ላዩ ተሰነጣጥቆ ደረቅ ይመስላል፤ እጅን አስገብቶ ትንሽ ለቆፈረ ሰው ግን አፈሩ ቀዝቃዛና ርጥብ ነው። ከውኃው ጋር ለም አፈርና ፍግ ለችግኙ የሚያመጣለት ተዳፋቱ ነው፤ ሳጥኑ ይህን ሊሰጥ አይችልም።

እንዲህ ስል ግን ጉድጓዱ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። ጎርፍ የሚሰጥ መሬት ያስፈልገዋል፤ አሸዋማ በሆነ ምድር ዝናቡ ወርዶ እዚያው ስለሚሰርግ 25 ካሬ ሜትር ተከልሎም ለዛፉ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ድንጋያማ በሆነና አፈሩ በሚስስበት ተረተርም ውኃው ቢሰበሰብ የሚቀመጥበት ጎተራ የለም። ፋኦ ዘዴውን የሚመክረው በለሰለሰ ተዳፋት ላይ ነው፤ ቁልቁለቱ ሲጨምር የአፈሩ ክትር ይፈርሳልና። ከዚህም በላይ የከተማ ግቢ፣ የመቃብር ስፍራ፣ የመንገድ ዳር ወይም የትምህርት ቤት ቅጥር 25 ካሬ ሜትር ለአንድ ዛፍ ላይመድብ ይችላል። ዋተርቦክስ እውነተኛ ዋጋውን የሚያሳየው እነዚህን በመሳሰሉ ስፍራዎች ነው፤ መሬቱ ሊያጠጣ በማይችልበት ቦታ ክዳኑ ያጠጣል። አሥራ አምስት ወይም ሃያ ዛፍ በአሸዋማ ግቢ ለመትከል ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ሳጥኑን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ለሚያስብ ማኅበር ግን መልሴ ሌላ ነው። ሳጥኑ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ተጓጉዞና ጉምሩክ ተከፍሎበት ሲገባ የአንዱ ወጪ ለአንድ ቆፋሪ ከሚከፈል የበርካታ ቀን ደመወዝ እንደሚበልጥ እገምታለሁ። አምራቹ አንዱ ሳጥን እስከ አሥር ጊዜ ተነሥቶ ሊያገለግል እንደሚችል ይገልጻል፤ ያ እውን የሚሆነው ግን በየዓመቱ ሳጥኖቹን የሚያነሣ፣ የሚያጸዳ፣ የሚያስቀምጥና የሚቆጥር ሰው ሲኖር ነው። ደግሞ ሳጥኑ በተከላው ጊዜ ባዶውን አይቀመጥም። በውኃ ተሞልቶና የችግኙ ዙሪያ ረስርሶ ነው የሚጀመረው፤ ለአንድ ሺህ ሳጥን 15,000 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል ማለት ነው። መንገድ በሌለበት ቀበሌ ይህን ውኃ ማን እንደሚያደርስ ገዢው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። በዚያ ላይ ዛፉ ሲያድግ ቅርንጫፉ ሳይንሰራፋ ሳጥኑ በላዩ ወጥቶ መነሣት አለበት፤ ጊዜው ካለፈ ሳጥኑን ለማውጣት ወይ ዛፉን ወይ ሳጥኑን መጉዳት ይመጣል። በገጠር የተረሳ ፕላስቲክ የሚያደርሰውን ጉዳት ደግሞ ከብት ያረባ ሁሉ ያውቀዋል።

ይኸው ኩባንያ ከጊዜ በኋላ ከወረቀት የተሠራና በአፈር ውስጥ የሚበሰብስ ግሮውቦክስ የተባለ ሳጥን አውጥቷል፤ ላንድ ላይፍ የተባለው ሌላው የሆላንድ ድርጅትም ኮኩን የሚል ስም ያለው፣ በተከላ ጊዜ አንዴ ተሞልቶ የሚቀበር ተመሳሳይ ዕቃ አውጥቷል። ሁለቱም የማንሣቱን ጣጣ ያስቀራሉ። በምስጥ የተወረረ ቆላ ላይ ግን ወረቀት በጋውን ይዘልቃል ወይ የሚለው ያሳስበኛል፤ ብዙ ከማዘዝ በፊት ጥቂቱን በዚያው መሬት መሞከር ግድ ነው። በቡርኪና ፋሶ ገበሬው ያኩባ ሳዋዶጎ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባሻሻለው፣ ዛይ በተባለው ባህላዊ የተከላ ጉድጓድ ምስጥ የገበሬው ረዳት ነበር፤ በጉድጓዱ የተጨመረው ፍግ ምስጡን ይስበውና ምስጡ የደነደነውን አፈር እየበሳ ለውኃ መንገድ ይከፍታል። ሳዋዶጎ በዚህ ሥራው ባዶ የነበረ ምድርን ወደ ደን ለውጦ እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሏል። ይህን ያህል ለውጥ በዶማና በፍግ የተገኘ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው። እኛም ሩቅ መሄድ አይጠበቅብንም፤ በኮንሶ አንዳንድ ቦታ አምስት ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያለው የድንጋይ እርከን አፈርንና ውኃን ለብዙ ትውልድ ይዞ ቆይቷል፣ የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሳጥኑን የሚመርጥም ሆነ ጉድጓዱን፣ ችግኙ ራሱ ደካማ ከሆነ ውኃው ከንቱ ይቀራል። በችግኝ ጣቢያ ለረጅም ጊዜ በፕላስቲክ ከረጢት የቆየ ችግኝ ዋና ሥሩ ከታች ተጠቅልሎ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ሥር ወደ ርጥበቱ ቀጥ ብሎ መውረድ አይችልም። ከመትከል በፊት ከረጢቱን ቀድዶ ማየት፣ የተጠቀለለውን ጫፍ በስለት መቁረጥ፣ ከተቻለም እንደ ግራርና ቁርቁራ ያሉትን በዘር እዚያው መዝራት ይሻላል። የፋኦው መመሪያም ለጉድጓድ ተከላ ጥሩ ምክር አለው፤ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ችግኝ ይተከላል፣ አንዱ ከታች በጉድጓዱ ወለል ላይ፣ ሌላው ከኋላ ከፍ ባለ ደረጃ ላይ። ዝናቡ ካነሰ የታችኛው ይጸድቃል፤ ዝናቡ በዝቶ ውኃ ከተኛ ደግሞ የላይኛው ይተርፋል። በክፍሉ ላይ የሚበቅለውን ሣርና አረም ማጨድም አይረሳ፤ ሣር የበዛበት መሬት ጎርፉን ለራሱ ያስቀረዋል። ፍየል ካለ ደግሞ ሳጥኑም ጉድጓዱም ከአጥር ውጪ አይቆምም፤ ሳጥኑ የሚከልለው ግንዱን እንጂ ቀንበጡን አይደለም።

ስለዚህ በእጁ የተወሰነ ገንዘብ ያለ ማኅበር አፈሩ ጥልቅና ተዳፋቱ ለስላሳ በሆነበት ቦታ ገንዘቡን ለቁፋሮ፣ ለአጥርና ለጠባቂ ደመወዝ ቢያውል፣ ሳጥኑን ደግሞ ለአሸዋማውና ለጠባቡ ስፍራ ብቻ በጥቂት ቁጥር ቢያስመጣ እላለሁ። የሚያዝ ሰው ሻጩን ስለ መለዋወጫ ፈትልና ስለ ተጨማሪ ክዳን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ፈትሉ ከደነደነ ሳጥኑ በውኃ ተሞልቶም ችግኙ ሊደርቅ ይችላል። ዕቃው ከሰኔ በፊት እንዲደርስ ማዘዝም ያስፈልጋል። ከነሐሴ በኋላ የደረሰ ሳጥን ለበጋው የሚበቃውን ውኃ ከሰማይ ስለማያገኝ፣ ውኃ በቦቴ ከማመላለስ ይልቅ ለሚቀጥለው ክረምት በጥላ ስር ማቆየቱ ይመረጣል።